የለበሰችዋን ልውሰድ ወይስ ራቁቷን ያለችዋን?

ርዕሱን አይታችሁ «ደግሞ ዛሬ ምን ጉድ ሊያወሩን ነው?» እያላችሁ በጥድፊያ ማንበብ የጀመራችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ! የማወራው ስለ ሴት አይደለም፤ ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ቢሆንም ነገሩ ከትዳር ጋር ሳይነካካ አልቀረም። እንዲያውም አንድ ሰሞን ቤቴን ሊያናጋው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ሞተር ለመግዛት የሚያስብ ጀማሪ ካለ ከእኔ ጥፋት ይማር ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አበሻ የሞላባት ከተማ ናት። የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በሌሊት ፈረቃ። ያለችን መኪና አንዲት ናት፤ እሷንም ባለቤቴ ልጆቹን ታመላልስባታለች። እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ ባቡር የለም፣ አውቶቡሱም እንደ ዕድል ነው። ሞተር ለመግዛት ለሰው የምሰጠው ምክንያት ይሄ ነበር። ለራሴ ብቻ የማውቀው ምክንያት ግን አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ጸጉሬ መሳሳት መጀመሩ ነው።

ምኞቱ የቆየ ነው። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ አጎቴ የመሥሪያ ቤት ሞተር ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርባቶዮው ላይ ከፊቱ ቁጭ አድርጎ ሰፈሩን ያዞረኝ ነበር። ማርሚታው የተኮሰኝ ጠባሳ እስከ ዛሬ ቀኝ እግሬ ላይ አለ። ያኔ «የለበሰች»፣ «ያልለበሰች» የሚባል ምርጫ የለም። እኛ የምናውቃት ሞተር ሁሉ ሆድቃዋ ፊት ለፊት የሚታይ ነበር።

እስቲ ለማያውቅ ላስረዳ። የለበሰች የምላት የውድድር ሞተር የምትመስለዋን ነው። ከፊት መብራቷ ጀምሮ እስከ ሆዷ ድረስ ባሸበረቀ ፕላስቲክ ተሸፍናለች፤ ከፊቷ የንፋስ መከላከያ አላት፤ መሪዋ ዝቅ ስለሚል ነጂው ወደ ፊት ጎንበስ ይላል። ራቁቷን ያለችዋ ይህ ሁሉ ልብስ የላትም። ሞተሯም አጥንቷም ይታያል፣ መሪዋ ሰፋና ከፍ ያለ ነው፣ ነጂው ቀና ብሎ ይቀመጣል። ፈረንጆቹም ራቁት ነው የሚሏት፤ ስሙን እኔ አላወጣሁትም!

ነገሩ የሆነው በ2019 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይገርማችኋል፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከልክሎ ነበርና ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «እኛ ስንከለከል አንተ ጀመርክ?» ብሎ ስቆብኛል።

ጸደይ ላይ እቁብ ወጣልኝ። ስድስት ሺህ ዶላር። ያሰብኩትን ለባለቤቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «ይሄ ብር የቤታችን ነው። ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ያማረህ ነገር ከሆነ አልከለክልህም» አለችኝ። «ሁለት ነገር ቃል ግባልኝ። ሳትማር እንዳትነዳ። ስትገዛ ደግሞ አብሬህ ልሂድ።» ሁለቱንም ቃል ገባሁ። የመጀመሪያውን ጠበቅኩ።

እዚህ አገር ለጀማሪ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ኮርስ አለ። ሞተሩን እነሱ ያቀርባሉ፤ ትንንሽ፣ ብዙ እጅ ያለፈባቸው ናቸው፤ እኛ የተማርንባቸው ደግሞ አንዳቸውም ልብስ አልነበራቸውም። ፍሪሲዮን እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚለቀቅ፣ ጠባብ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚዞር፣ ድንገት እንዴት እንደሚቆም ተማርን። ጢሙ የሸበተው አሰልጣኛችን አንድ ጥያቄ ነበረው፦ «ስታልፉ ምን ልትገዙ አስባችኋል?» ግማሾቻችን የውድድሯን ዓይነት ጠራን። ሰውዬው ሳቅ አለና «የመጀመሪያ ሞተራችሁን መጣላችሁ አይቀርም። ስትጥሏት ስንት ያስከፍላችኋል? እሱን አስባችሁ ግዙ» አለን።

ይህንኑ ሰውዬ ስለ አደጋ ጠይቄው አንድ ጥናት ነገረኝ፤ በኋላ ፈልጌ አንብቤዋለሁ። በ1981 የወጣና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የመራው ጥናት ነው። ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረዋል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ኮርስ ያልወሰዱ፣ ከራሳቸው፣ ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ የተማሩ ናቸው። ከመኪና ጋር በተደረገው ግጭት ደግሞ ከሦስቱ በሁለቱ ያህል የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ባለ መኪናው ነው። አላየውማ! እዚያው ጥናት ውስጥ ለለበሰችዋ የሚያደላ ነገርም አለ። ሽፋንና የንፋስ መከላከያ ያላቸው ሞተሮች አደጋ ውስጥ የተገኙት ከድርሻቸው ባነሰ ቁጥር ነበር። እኔ እዚህች ላይ ስደርስ ደስ ብሎኝ «ይኸው!» አልኩ። አጥኚዎቹ የሰጡትን ምክንያት ግን ዘለልኩት። ለዓይን ጎላ ስለሚሉ ነው ይላሉ፤ ደግሞም የሚነዷቸው ልምድ ያላቸውና የሠለጠኑ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ለካ ሰው ማንበብ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያነብ።

ወደ ሱቁ የሄድኩት ከጓደኛዬ ጋር ነው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። «ለማየት ብቻ ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። የለበሰችዋ ካዋሳኪ ኒንጃ 400፣ ራቁቷ ካዋሳኪ ዜድ 400። በውስጥ እህትማማቾች ናቸው። የሁለቱም ሞተር ያው ባለ ሁለት ሲሊንደር 399 ሲሲ ነው፤ ሁለቱም ከ170 ኪሎ በታች ናቸው፤ የመቀመጫቸው ከፍታ እንኳ አንድ ነው። (ሌሎቹ ፋብሪካዎችም እንደዚሁ መንታ መንታ ይሠራሉ። ያማሃ አር3ና ኤምቲ-03ን ማየት ነው፤ ሆንዳም ያኔ ሲቢአር500አርና ሲቢ500ኤፍ ነበሩት። ካዋሳኪ ራሱ በ2024 ሁለቱን በ451 ሲሲ ኒንጃ 500ና ዜድ 500 ተክቷቸዋል።) በዚያ ዓመት የፋብሪካው ዋጋ ለራቁቷ 4,799 ዶላር፣ ለለበሰችዋ ኤቢኤስ ፍሬን ሲኖራት 5,299 ዶላር ነበር። አምስት መቶ ዶላር ለልብስ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ሁለቱም ላይ ተቀመጥኩ። ራቁቷ ላይ ስቀመጥ ትከሻዬ ተፍታታ፣ ዓይኔ ሩቅ አየ፣ መሪው ራሱ እጄ ውስጥ የገባ መሰለኝ። «ይቺ ትሻላለች መሰለኝ» አልኩ። ጓደኛዬ ከንፈሩን ጣል አድርጎ «አንተ ደግሞ! ይቺ'ኮ ፒዛ ማድረሻ ነው የምትመስለው» አለኝ። ከዚያ የለበሰችዋ ላይ ወጣሁ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ትልቅ መስታወት አለ። እዚያ መስታወት ውስጥ ጎንበስ ብዬ፣ አረንጓዴዋን ይዤ፣ ራሴን አየሁት። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ! አለቀ። ፈረምኩ።

ግብሩና የሱቁ ወጪ ተጨምሮ እቁቤ እዚያው ቀለጠ። ለሄልሜት ርካሹን ገዛሁ፤ ጃኬት ከጓደኛዬ ተዋስኩ፤ ቡትስ የሚባል ነገር አላሰብኩም። ኢንሹራንስ የጠየቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ያነጋገርኳት ልጅ «ራቁቷን ገዝተህ ቢሆን በዓመት 190 ዶላር ይቀንስልህ ነበር» አለችኝ። በሞተር አንድ ሆነው ሳለ የለበሰችዋን ከውድድር ሞተሮች ጎራ ስለሚመድቧት ነው አሉ። እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አደራችሁን! ከመፈረማችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ የሁለቱንም ጠይቁ። ከስልክ ጥሪ በቀር የምታወጡት የለም።

ባለቤቴ ማታ ስትመጣ ሞተሯ በር ላይ ቆማለች። ዞራ አየቻት። «ታምራለች» አለችና ገባች። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልወጣትም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ!

አልዋሽም፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ሰርግ ነበሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ ስድስተኛ ጎዳናን ይዤ ወደ ሰሜን ሽቅብ ስመጣ መንገዱ ባዶ፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው። የትራፊክ መብራት በበዛበት በቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኒንጃ 400 ከትልልቆቹ የውድድር ሞተሮች አንጻር ያን ያህል አታጎብጥም፤ ቢሆንም በየመብራቱ ቆም ጀመር ስትሉ የሰውነታችሁ ክብደት አንጓችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። ጀማሪ ደግሞ በፍርሃት መሪውን አንቆ ይይዛል። አንገቴንም አመመኝ። መኪና መኖር አለመኖሩን ለማየት ቀና ማለት ስላለብኝ እንደ ኤሊ አንገቴን ሳወጣና ሳስገባ ነው የምውለው።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ሥራ ስገባ ነው የወደቅኩት። የምሠራበት ማቆሚያ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለው። ቀስ ብዬ፣ በእግር መሄጃ ፍጥነት እየወረድኩ መሪውን ወደ ግራ እንዳጠፍኩ ከታች አንድ መኪና ብቅ አለ። ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨብጥ! መሪው እንደታጠፈ የፊት ፍሬን መያዝ ማለት ሞተሯን «ተኚ» ማለት ነው። ይሄን ኮርሱ ላይ ነግረውን ነበር። ግራ እግሬን ሰደድኩ፤ ወገቡ ቁልቁለት ስለሆነ መሬቱ አልጠበቀኝም። እኔና ሞተሯ አብረን ተጋደምን። ባለ መኪናው ቆሞ ያየኛል። የገዛ የሥራ ባልደረባዬ ከካሼር ሳጥኑ ሮጦ ወጣ። ከቁርጭምጭሚቴ ይልቅ ያመመኝ ድምፁ ነው። ያ «ቀጭ!» የሚለው የፕላስቲክ ድምፅ።

የግራ ጎኗ ልብስ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ መያዣዎቹ ተሰበሩ፣ ስፖኪዮዋ የተሰካው የፊቱ ልብስ ላይ ነውና እሱንም ይዞት ተገነጠለ። ሻጩ ዋጋውን ዘርዝሮ ሲደምር 940 ዶላር መጣ። የሠራተኛ እጅ ሳይጨምር! ለፕላስቲክ! ሞተሯ ግን ቁልፏን ሳዞር ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ለኢንሹራንስ ላመልክት ብል የመጀመሪያው 500 ዶላር ከእኔ ኪስ ነው፤ በዚያ ላይ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ይጨምራል። ተውኩት።

ሌላው ጥፋቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳነክስ አይታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» አልኩ። ሞተሯን ከሕንጻው ጀርባ በሸራ ሸፈንኳት። ሦስት ቀን በአውቶቡስ ሄድኩ። ባለቤቴ ዝናብ ፈርቼ መስሏት «ደግ አደረግክ» እስከማለት ደረሰች። በአራተኛው ቀን የአራት ዓመቱ ልጃችን አረንጓዴ ስባሪ ይዞ እየተጫወተ መጣ። ከጃኬቴ ኪስ ያገኘው ነው። «እማዬ፣ የአባዬ ሞተር ጥርስ ወለቀ!»

ባለቤቴ ስባሪውን ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እግሬን ገልጣ አየችው። አብጧል፣ ጠቁሯል። ልጆቹ እስኪተኙ ምንም አልተናገረችም።

«እኔ የፈራሁት መውደቅህን አልነበረም» አለችኝ በመጨረሻ። «ትወድቃለህ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። የፈራሁት ስትወድቅ እንዳትደብቀኝ ነው። ነገ የሆነ መንገድ ዳር ብትቀር ከሰው ነው የምሰማው ማለት ነው?» መልስ አልነበረኝም። «አብሬህ ልሂድ ያልኩህ ሞተር ስለማውቅ አይደለም። ላንተ ሳይሆን ለሰው ዓይን እንደምትገዛ ስለማውቅ ነው።» ይሄን ስትለኝ ስለ መስታወቱ አልነገርኳትም ነበር።

በማግስቱ የተሰበረውን ልብስ ፈትቼ አወጣሁት። እንዲያው ገፍፌ ራቁቷን ብነዳትስ የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ሞኝነት ነው። ለብሳ የተወለደች ሞተር ስትገፈፍ ራቁት አትሆንም፤ የተላጠች ነው የምትሆነው። ሽቦው ተንጠልጥሎ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው አፍጥጦ፣ መያዣ ብረቱ እንደ ጎድን አጥንት ገጦ ይታያል። ይሁንና የራቁት ሞተር ፋሽን ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው መሆኑን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ከፋብሪካ ሙሉ ልብስ ለብሰው በብዛት መውጣት የጀመሩት ቢኤምደብሊው በ1976 ካወጣት አር100አርኤስ ወዲህ ነው፤ በ1985 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር750ን ሲያወጣ ደግሞ የውድድር ልብስ የጎረምሳ ሁሉ ምኞት ሆነ። አውሮፓ ውስጥ እየጣሏት ልብሷን የሰበሩ ልጆች መተኪያው ስለተወደደባቸው ገፈው ጥለው፣ ሰፊ መሪ ገጥመው መንዳት ያዙ። ፋብሪካዎቹም ገበያ መሆኑ ገባቸው። የጣሊያኑ ዱካቲ በ1993 ለገበያ ያቀረባት ሞንስተር ሆን ተብላ ራቁቷን የተሠራች ነበረች። የሚሊዮን ብር ሐሳብ ሊሆን የበቃው እንግዲህ የእኔ ዓይነቱ ኪሳራ ነው ማለት ነው!

ኒንጃዋን እንደተሰበረች ሸጥኳት። ስንት እንደከሰርኩ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ይህን ገጽ ታነባለች። ያገለገለች ዜድ 400 ልናይ አብረን ሄድን። ባለንብረቱ በደንብ ይዟታል፤ የመሪዋ ጫፍ ላይ ግን አንድ ጭረት አላት። ባለቤቴ «ይሄ ምንድነው?» አለችው። ሰውዬው ፈርቶ «አንዴ ጋራዥ ውስጥ ጥያት ነው» አለ። «ሌላስ ምን ተሰበረ?» «ምንም።» ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እዚያው ተቀመጥ አለችኝ፤ ሁለቱ እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጣቸውን ጎንበስ ብላ አየች፤ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙር አለችኝ፤ አሥር ደቂቃ ሳልነሳ አስቀመጠችኝ። ኤቢኤስ እንዳላት አጥብቃ የጠየቀችውም እሷ ናት። ልክ ነበረች። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ጥናት እንደሚለው ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች ለሞት የሚያበቃ አደጋ የሚገጥማቸው 22 በመቶ ባነሰ መጠን ነው። ከዋጋው በተረፈው ብር በደንብ የሚገጥም ሄልሜት፣ የራሴ ጃኬት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡትስ ገዛሁ።

ራቁቷም ብትወድቅ አትጎዳም ማለቴ አይደለም። ሰርባቶዮዋ ሊሰረጉድ፣ ራዲያተሯ ሊመታ፣ ፍሬቻዋ ሊሰበር ይችላል። ደግሞ የለበሰችዋን የሚያስናፍቀኝ ቀን አለ። ወደ ባልቲሞር በአውራ ጎዳና በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ ንፋሱ ደረታችሁን እንደ እጅ ይገፋችኋል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ያች ልብስ ለጌጥ ብቻ የተሠራች አይደለችም። መንገዱ ሁሉ አውራ ጎዳና የሆነበት ሰው፣ ብርድና ዝናብ የሚበዛበት ሰው፣ ኪሱም የሚችል ከሆነ የለበሰችዋን ቢወስድ አልፈርድበትም። እኔ ግን መንገዴ አሥራ ስድስተኛ ጎዳናና የምድር ቤት ቁልቁለት ነው። ለብርዱ ትንሽ የንፋስ መከላከያ አስገጠምኩ።

አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ልናገር። እኔ የማወዳድረው ትንንሾቹን ነው። ያው ጓደኛዬ ሞተር ከሸጥኩ በኋላ እንኳ «ባይሆን 600ዋን ውሰድ» ይለኝ ነበር። እነዚያ ከ100 ፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው፣ ለውድድር ሜዳ የተሠሩ ናቸው። ያው ተቋም በ2007 ባወጣው ሪፖርት ከተመዘገቡት ሞተሮች ቁጥር አንጻር የእነዚህ ነጂዎች ሞት ከሌሎቹ ሞተሮች ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ለጀማሪ ይህን የሚመክር ጓደኛ ካላችሁ ሻይ ጋብዙት እንጂ ሱቅ ይዛችሁት አትሂዱ።

ባለቤቴ አሁን አንድ ልማድ አላት። ሌሊት ስገባ እንቅልፍ ውስጥ ሆና እንኳ «ወደቅህ?» ትለኛለች። «አልወደቅኩም» እላታለሁ፤ ትገለበጥና ትተኛለች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት «አዎ» አልኳት። ብድግ አለች። «የት?» «እዚሁ፣ በር ላይ። የረጠበ ቅጠል አንሸራቶኝ።» ጋቢዋን ደርባ ወጣች። ሞተሯ እንደተጋደመች ናት። ኮርሱ ላይ እንዳስተማሩን ጀርባዬን ለመቀመጫዋ ሰጥቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ በእግሬ እየገፋሁ ወደ ኋላ ስነሳ እሷ በወዲያ በኩል ያዘችልኝ። በእጅ ባትሪ ዞረን አየናት። የፍሪሲዮኑ እጀታ ታጥፏል፤ በማግስቱ 22 ዶላር ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት።

ጠዋት ልጃችን ሰምቶ በፒጃማው ሮጦ ወጣ። ሞተሯን ዙሪያዋን ፈተሸና «ጥርሷ የታለ?» አለ። አልወለቀም ስንለው ቅር ብሎት ተመለሰ።